ከግቤ ድልድይ በራፍት መውረድ፦ መውጫችን የት ይሁን?

ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ጅማ መንገድ የግቤ ድልድይ ተነስተን ኦሞን በራፍት (በአየር በሚነፋ የጎማ ጀልባ) ልንወርድ አቅደናል። የቸገረን መውጫው፣ ማለትም ጀልባዎቹን ከወንዙ የምናወጣበት ቦታ ነው። በእጃችን ያሉት የጉዞ መግለጫዎች ኦሞ ላይ ያለው የግቤ 3 የኃይል ማመንጫ ግድብ ከመሠራቱ በፊት የተጻፉ ናቸው። ዛሬ የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 892 ሜትር ይደርሳል፤ ከግድቡ ወደ ኋላም 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይተኛል። ዕቃ የጫነ ራፍት በቆመ ውሃ ላይ በመቅዘፊያ ብቻ ሲገፋ እጅግ ይዘገያል፤ ነፋስ ከፊት ከመጣበት ደግሞ ጭራሽ አይራመድም። ከሁሉ የሚያስቸግረው፣ የሐይቁ ጫፍ እንደ ወቅቱ ቦታውን መቀያየሩ ነው። ውሃው ሲጎድል የሚተወው ደለል ጀልባ ጎትቶ ለመውጣት አይመችም።

ያሰብነው የግቤ 2 ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ከ26 ኪሎ ሜትር ዋሻው የመጣውን ውሃ ወደ ኦሞ በሚለቅበት አካባቢ መውጣት ነው፤ ወደ ጣቢያው መንገድ አለና። እባካችሁ የምታውቁ፦ እዚያ መኪና እስከ ወንዙ ዳር ይደርሳል? ለመውጣት ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነው? ተርባይኖቹ ሲነሱ ውሃው ምን ያህል በፍጥነት ከፍ ይላል? ድንኳን ከዳሩ ምን ያህል እናርቅ?

ራፍቶቹ ወለላቸው ውሃ በራሱ የሚያፈስ፣ 4.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ናቸው። ለየሰው ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት፣ ለየጀልባው የ20 ሜትር መወርወሪያ ገመድ፣ ትርፍ መቅዘፊያ፣ ፓምፕና መለጠፊያ ይዘናል። ጉማሬ ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ስለሚሮጥ፣ ረጋ ባለው ውሃ ላይ ዳር ዳሩን ይዘን ጀልባውን እየመታን ድምፅ ለማሰማት አስበናል። ዛሬ በዚህ ክፍል ጉማሬና አዞ የሚበዛባቸው ኩሬዎች የትኞቹ ናቸው?