የወላጅ ግቢ ለወራሾች ይሸንሸን ወይስ አይሸንሸን? የቡድናችን ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ባለፈው ሰሞን ሳይቋጭ የቀረው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በነባር ይዞታ (ማለትም ከሊዝ ውጭ) የተያዘ ግቢ ለወራሾች ሲደርስ ለየድርሻቸው ካርታ ይውጣላቸው ወይስ አይውጣላቸው? እንደምታውቁት ከተሞች በየመመሪያቸው ዝቅተኛ የቦታ ስፋት ያስቀምጣሉ። ቦታው ሲከፈል ከዚያ የሚያንስ ከሆነ ለብቻው ካርታ አይሠራለትም። ገደቡ ይነሳ የምትሉም ይቆይ የምትሉም፣ መድረኩ የእናንተ ነው። ነገር ያጋጋለ ግን እንደ ልማዳችን ይሰናበታል።

ወራሽ፦ እኔ ልጀምር፤ የሚያመኝ እኔን ነውና። ሦስት ወንድምና እህት ነን። እናታችን ትታልን ያለፈችው 200 ካሬ ግቢ ነው። ፊት ያለችው አሮጌ ቪላ ውስጥ እኔ ከነልጆቼ አለሁ። ወንድሜ ከኋላ ሰርቪሱን አድሶ ገብቷል። እህቴ ውጭ ናት፤ ድርሻዋን አከራይተንላታል። መሀል መሀላችን ቆርቆሮ አቁመናል። መብራቱ አንድ ቆጣሪ፣ ውሃውም አንድ ቆጣሪ። ካርድ ባለቀ ቁጥር ማን ይሙላ እየተባለ እንኮራረፋለን። ግቢው እኮ ተከፍሏል፤ ያልተከፈለው ካርታው ነው። ወንድሜ አስፍቶ ልሥራ ብሎ ብድር ቢጠይቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ካርታው በማን ስም ነው?" ተብሎ ነው። በእናታችን ስም! እንግዲህ ይህ ገደብ ምን ከለከለ? መካፈሉን አልከለከለም። ወረቀት ይዘን እንዳንኖር ነው የከለከለን።

ቀያሹ፦ ወንድሜ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። ግን 200 ካሬ ብቻ አትበለኝ። ወደ መንገድ ያለው ፊቱ ስንት ሜትር ነው?

ወራሽ፦ 10 ሜትር። ወደ ውስጥ 20።

ቀያሹ፦ በል አብረን እንቀይሰው። ግቢውን ከመንገድ ወደ ጓሮ ሦስት ቦታ ቆረጥከው እንበል። የመጨረሻው ቤት ወደ መንገድ የሚወጣው በየት ነው? የፊተኞቹን ሁለቱን ጎን ይዞ። መተላለፊያው 3 ሜትር ስፋት ቢኖረው 13 ሜትር ከምናምን ይሄዳል። 40 ካሬ ያህል ለመንገድ ሄደ ማለት ነው፤ የግቢው አንድ አምስተኛ። የቀረው 160 ለሦስት ሲካፈል በአማካይ 53 ካሬ ነው። መስኮት ያለው ግድግዳ ደግሞ ከወሰን መራቅ አለበት። ከዚያ የሚተርፍህን አስበው።

እሺ፣ በቁመቱ እንቁረጠው። ሦስታችሁም የመንገድ ፊት ታገኛላችሁ። የእያንዳንዳችሁ ስፋት ግን 3.33 ሜትር ነው። ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሳንቲም ግድግዳ ስታቆም ውስጡ 3 ሜትር አይሞላም። ፎቅ ልሥራ ብለህ ደረጃ ብታስገባበት ቤቱ ኮሪደር ሆኖ ያርፈዋል። ካርታ ማውጣቱ ቀላል ነው። ችካሉ መሬት ላይ ሲተከል ነው ጉዱ የሚታየው።

ተከራይ፦ ሦስት ሜትር ለናንተ ጠበበ? እኔ ከሚስቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖርባትን ክፍል መጥታችሁ ለኩልኝ።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር መያዝ ይችል ነበር። ብዙው ሰፊ ግቢ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንዲያ የቆየ ነው። የዚያን ጊዜ ባለይዞታዎች እያረፉ ነው። ልጆቻቸውም አርጅተዋል፤ የሚካፈሉት የልጅ ልጆች ናቸው። እኔ የመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ነበርኩ። መዝገብ አገላብጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። 500 ካሬ ሆኖ ሁለት በኩል መንገድ የሚነካ፣ የማዕዘን ግቢ ነበር። ለሦስት ቢከፈል ማንንም አይጎዳም። አንዱ ድርሻ ግን ከገደቡ በጥቂት ካሬ አነሰ ተብሎ ፋይሉ ተመለሰ። በሌላ በኩል ደግሞ ገደቡን አሟልቶ የተፈቀደ አየሁ፤ የኋለኛው ቦታ በር የለውም። ወራሾቹ ተጣልተው ፊተኛው አጥሩን ሲዘጋበት ሰውየው በጎረቤት ግቢ እየለመነ ነበር የሚገባው። ቁጥሩ ብቻውን ማየት ያለበትን አያይም ነው የምላችሁ።

ወራሽ፦ ጋሼ፣ ይባርክዎ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ጡረተኛው፦ ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። ያንተ ግቢ 10 በ20 ነው። እሱን ክፈሉት አላልኩም።

አርክቴክቷ፦ እኔ ገደቡ ይቆይ ከሚሉት ነኝ፤ እንዲያውም ይጥበቅ። ሁላችሁም ግቢውን ለብቻው ነጥላችሁ እያያችሁት ነው። ሰፈር የሚባል ነገር አለ፣ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል ነገር አለ። ከተማዋ በ2009 ዓ.ም. የወጣው መዋቅራዊ ፕላኗ የሚፈልገው ወደ ላይ ማደግን ነው። ትንንሽ ካርታ በበዛ ቁጥር ፎቅ የሚቆምበት መሬት ይጠፋል። 53 ካሬ ላይ ደረጃውን፣ ሴፕቲክ ታንኩን፣ መኪና ማቆሚያውን የት ታስገቡታላችሁ? ነገ መንገዱ በ3 ሜትር ቢሰፋ 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ግቢ ይተርፋል። 7 ሜትር ጥልቀት ያለው ግን የሚቀረው አጥር ነው።

ደግሞ አንዴ የተሸነሸነ መልሶ አይገጥምም። እኔ ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎችን ቀላቅሎ ሕንፃ መሥራት የፈለገ ደንበኛ ነበረኝ። የአንዱ ካርታ ባንክ ተይዟል። አንዱ በፍርድ ቤት ታግዷል። የአንዱ ባለቤት የት እንዳለ አይታወቅም። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ተወው። ሁለት ዘመናዊ ቤቶች መሀል ቆርቆሮ ቤት ተሸጉጦ ስታዩ አንዳንዴ ምክንያቱ ድህነት አይደለም፤ ካርታው የሰባት ሰው ስለሆነ ነው።

ተከራይ፦ አሁን እኔ ልናገር። ግቢ ያላችሁ ከግቢ ያላችሁ ጋር ነው የምትከራከሩት። ቦታ የሌለን ሰዎች ይህ ገደብ በሌላ በኩል ይነካናል። ከተማው ዝቅተኛው ስፋት ይህን ያህል ነው ሲል ለሊዝ ጨረታ የሚያወጣው ቦታም ከዚያ አያንስም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ቅድሚያ ክፈል ይላል። ቦታው ሲሰፋ 10 በመቶውም ያብጣል። ከዚያ የግንባታ አቅምህን አሳይ ትባላለህ። እኔ 40 ካሬ ይበቃኝ ነበር። ትልቁን ግዛ ወይም ተከራይተህ ሙት ነው የተባልኩት። ዝቅተኛ ስፋት የምትሉት ነገር ለኔ የመግቢያ ዋጋ ነው።

ቀያሹ፦ ይህኛው ነጥብ ይጠጥራል፣ አልዋሽህም። ግን ስፋቱ ሲያንስ የካሬው ዋጋ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ተጫራቹ ይበዛል። ደላላውም ሥራውን ያውቃል።

ተከራይ፦ ይጨምር። 40 ካሬ በውድ ልግዛ። 100 ካሬ በርካሽም ቢሆን አቅሜ አይደለም እኮ።

ከዳር ሰፈር፦ እኔ የምኖረው ከተማው ጠርዝ ላይ ነው፤ የእርሻ መሬት በመንደር ውል እየተቆራረጠ በሚሸጥበት። ገደብ ቢነሳ ምን እንደሚመጣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። እዚያ ዝቅተኛ ስፋት የሚባል የለም። ሻጩ በገመድ ይለካል፣ ሁለት ሽማግሌ ይፈርማል፣ በሦስተኛው ቀን ጨረቃ ቤት ቆሟል። ሁሉም ከራሱ ቦታ ለመንገድ መልቀቅ አይፈልግም። መንገዱ ሲጀመር 6 ሜትር ነበር፤ መሀል ላይ 4 ሆነ፤ መጨረሻው ጋ ባጃጅ አይገባም። ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና ስለማይደርስ ጉድጓድ ሲሞላ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል። ባለፈው ጎረቤት ሲወልዱ እስከ አስፋልት በወንበር ነው የወሰድናቸው። እናንተ መሀል ከተማ ቁጭ ብላችሁ ገደብ ይነሳ ስትሉ እኔ እስቃለሁ።

ወራሽ፦ ወንድሜ፣ የኔ እናት 40 ዓመት ግብር የከፈለችበት ቦታ ነው። ከጨረቃ ቤት ጋር ባታቆራኘኝ?

ከዳር ሰፈር፦ አላቆራኘሁህም። መንገድ ያልተመለከተ ሽንሸና መጨረሻው አንድ ነው እያልኩህ ነው። ካርታ ኖረውም አልኖረውም ሽንት ቤት ይሞላል።

ጠበቃዋ፦ ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። ሦስት ነገር ላንሳ።

መጀመሪያ፣ ወራሾች ካልተስማሙ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ልኮ ግቢው በዓይነት ይከፈል እንደሆነ ይጠይቃል። ከገደቡ በታች ስለሚሆን አይከፈልም የሚል መልስ ከመጣ ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው በእጁ ከሚደርሰው ብር ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ቤት አይገዛም። ስለዚህ አርክቴክቷ እህቴ፣ ገደቡ ግቢውን እንዳለ ያቆየዋል የምትዪው እውነት ነው። ቤተሰቡን ግን አያቆየውም። ገዢው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ይይዘዋል ይላል። ያም ዋጋው ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በር ስላጣው ሰውዬ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መውጫ ያጣ ይዞታ በጎረቤቱ ላይ መተላለፊያ መጠየቅ እንደሚችል ያውቃል። ልመና አያስፈልገውም ነበር። ግን ሲከፋፈሉ ውሉ ላይ ባለመጻፋቸው ነው ነገሩ ዓመታት የሚፈጅ ክስ የሚሆነው። መተላለፊያው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጸዳው፣ በር ይኑረው አይኑረው፣ ይጻፍ።

ሦስተኛውና ዋናው። ለምን መሬቱን ብቻ ነው የምትከፍሉት? ቤቱን መክፈል ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ የአንድ ቤት ፎቆች የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስቀምጣል። መሬቱ የጋራ፣ ፎቁ የግል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 መጣ። ለየቤቱ የራሱ ማረጋገጫ ይሰጣል፣ መያዣ ይሆናል፣ ይሸጣል። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። የጋራ ሕንፃ ለመባል አምስትና ከዚያ በላይ ለየብቻ የተያዙ ቤቶች ያሉት መሆን አለበት። ሦስት ወንድምና እህት ሦስት ፎቅ ቢሠሩ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። የኔ አቋም ይህ ነው፤ የመሬቱ ገደብ ይቆይ፣ አምስት የሚለው ግን ወደ ሁለት ይውረድ።

አርክቴክቷ፦ በዚህማ ተስማማሁ! 200 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ ቱ፣ ምድር ቤትና ሁለት ፎቅ፣ አሳምሮ ይቆማል። ለየፎቁ 100 ካሬ ብንል እንኳ ግማሹ ግቢ ክፍት ሆኖ ይተርፋል። ከ53 ካሬ መሬት ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

ጡረተኛው፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡስ? ይህ ልጅ ወንድሙ ሰርቪስ የሚያሰፋበት ብድር አጥቶ ነው ያለው። እናንተ ሕንፃ ሥራ ትሉታላችሁ። ጡረታ ላይ ያለ ወራሽ፣ የቀን ሠራተኛ ወራሽም አለ። መሬት ሲከፈል ቢያንስ አንዱ አቅሙ በፈቀደ ጊዜ ይሠራል። ፎቅ ላይ ግን ከታች ያለው ካልሠራ ከላይ ያለው አየር ላይ አይወጣም።

ጠበቃዋ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ትልቁ ክፍተት እሱ ነው። ግን ብድሩ የተዘጋው ካርታው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ካርታው በስማቸው ያለው እናት በሕይወት ስለሌሉ ነው። ወንድም ወራሽ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታችኋል?

ወራሽ፦ አላወጣንም። ካርታው ካልተከፈለ ምን ያደርግልናል ብለን ነው።

ጠበቃዋ፦ ይኸው! እሱን አውጡና ስሙን በሦስታችሁ የጋራ ስም አዙሩት። ለዚህ ዝቅተኛ ስፋት የሚጠይቃችሁ የለም፤ ቦታው አልተከፈለማ። ውጭ ያለችው እህታችሁ ውክልና ትላክ። በጋራ ስም የሆነ ቤት ሁላችሁም ከፈረማችሁ መያዣ ይሆናል።

ከዳር ሰፈር፦ "ሁላችሁም ከፈረማችሁ" የምትለዋ ላይ ነው ስንቱ ቤተሰብ የቀረው።

ቀያሹ፦ እኔ ግን ጡረተኛው ያሉትን አልተውም። የማዕዘን ግቢ፣ ሁለት መንገድ የሚነካ 500 ካሬ በጥቂት ካሬ ጉድለት መመለስ የለበትም። ቀያሽ ቦታው ድረስ ሄዶ ፊቱን፣ መተላለፊያውን፣ የፍሳሽ መስመሩን አይቶ ይፈርም። ሦስቱ ከተሟሉ ካሬው ቢጎድልም ይለፍ። ካልተሟሉ 300 ካሬም ቢሆን አይለፍ።

ተከራይ፦ ቀያሹ አይቶ ይፈርም ማለት፣ ለቀያሹ ምን ያህል ይሰጠው ማለት ነው። ቁጥር ሲሆን ቢያንስ ማንም አይደራደርበትም።

ቀያሹ፦ እሱንማ አንተው ጨረስከው 😀

አወያይ፦ ወራሽ፣ ባለጉዳዩ አንተ ነህና ምን ይታይሃል?

ወራሽ፦ ይህን ሁሉ እያነበብኩ ለእህቴም ለወንድሜም ላክሁላቸው። የጋራ ስሙን እናዙር ብለዋል። ፎቁም አልተጠላም። ግን ገና ዲዛይን ሳይሠራ ጠብ ተነስቷል። ሦስታችንም የምንፈልገው ምድር ቤቱን ነው። ሱቅ ይከራያላ!

ጡረተኛው፦ ዕጣ ጣሉ።

ጠበቃዋ፦ ዕጣው ይቆየን ጋሼ። መጀመሪያ ግምት ይሠራለት። ምድር ቤቱና ላይኛው ፎቅ በካሬ እኩል ቢሆኑም በዋጋ እኩል አይደሉም። ምድር ቤት የደረሰው ለሁለቱ የሚያካክሰው ብር በስምምነቱ ላይ ይግባ፤ የጣሪያው እድሳት የሦስታችሁም ወጪ መሆኑ ጭምር። ከዚያ ጣሉት።