የሐይቅ ዳር የእንጨት በረንዳ፦ ቫርኒሹ በአንድ ክረምት ተላጠ፤ እርጥበት የሚከላከል ቀለም የለሽ ቅብ የትኛው ነው?

የጣና ነፋስ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር ከሐይቁ 15 ሜትር ያህል ርቆ የተሠራ፣ ጣሪያ የሌለው የእንጨት በረንዳ ነው ጉዳዩ። ስፋቱ 4 በ6 ሜትር። ወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው፤ የተሸከመው ሞራሌ፣ ሞራሌው ደግሞ ድንጋይ መሠረት ላይ ያረፈ። ከመሬት ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጣውላው የተመታው በተራ ሚስማር ነው።

ግንቦት ላይ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሦስት እጅ ተቀባ። መስከረም ላይ በጣውላዎቹ ጫፍና በሚስማሮቹ ዙሪያ ነጣ፤ አሁን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። በየሚስማሩ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት አለ። አንዳንዱ ጣውላ ጠርዝና ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ መሃሉ ውሃ ይቋጥራል። የእንጨቱ መልክ እንዲታይ ስለሚፈለግ በዘይት ቀለም መሸፈን አይታሰብም። የትኛው ዓይነት ቅብ ያዛልቃል? ስንት ሊትር? መቼ? የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚመክሩ አሉ፣ ተልባ ዘይት የሚሉም አሉ፤ ስለነሱስ ምን ትላላችሁ?

ጣውላና ሚስማር

ቫርኒሹ መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል። የተቀባበት ቦታ ግን የሱ አይደለም። ቫርኒሽ እንጨቱ ላይ ቆዳ ይሠራል። ባሕር ዛፍ እርጥበት ሲጠጣ በደንብ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቆዳው አብሮ ሊለጠጥ ስለማይችል በመጀመሪያ ጫፍና ሚስማር ጋ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ከቆዳው ሥር ስለታሰረ ግን መውጫ የለውም። መጀመሪያ የነጣው እሱ ነው፤ ፀሐይ ሲያሞቀው ወደ ላይ ይገፋና ይልጠዋል። ግድግዳ ወይም በር ላይ ውሃው ስለሚፈስ ቫርኒሽ ዓመታት ይቆያል። ወለል ላይ ግን ውሃው ይተኛል፣ እግርም ይረግጠዋል።

ለወለል የሚሆነው ወደ እንጨቱ ሰርጎ የሚገባ፣ ከላይ ቆዳ የማይሠራ ሲለር ነው። እሱ ሲያረጅ አይላጥም፤ ውሃ መግፋቱን ብቻ እየቀነሰ ይሄዳል። ታጥቦ በላዩ ይደገማል እንጂ መፋቅ የለም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርዎት፦ ፈጽሞ ቀለም የለሽ የሆነ ቅብ ውሃን እንጂ ፀሐይን አይከለክልም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጨረሩ የእንጨቱን ጭረቶች የሚያያይዘውን ሊግኒን ይሰብራል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ እንጨቱ ግራጫ ይሆናል። የማር መልኩ እንዲቆይ ከተፈለገ ትንሽ ቡናማ ቀለም የገባበት፣ የእንጨቱን ጭረት የማይሸፍን ይምረጡ። ቀለም የለሹ በየዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ ቀለም የገባበት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይሄዳል።

ጠርዛቸው የተነሳው ጣውላዎች ምክንያታቸው ሌላ ነው። ላይኛው ፊት ብቻ ተቀብቶ ሥሩ ባዶ ሲሆን፣ ሥሩ የምድሩን እርጥበት ጠጥቶ ይነፋል፣ ላዩ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ጣውላው እንደ ሸክላ ሰሐን ይጎደጉዳል። ከላይ ምን ቢቀባ ይህን አያስተካክልም።

የተቃጠለ ዘይት በፍጹም። አይደርቅም፣ እግርና ልብስ ያጠቁራል፣ ከሞተር የወጣ ብረት ይዟል፣ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። አንዴ ከጠጣው ደግሞ ያ እንጨት ሌላ ቅብ አይቀበልም።

ደንገል

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ጊዜውን ልጨምር። ብዙ ሰው መስቀል ካለፈ፣ ሰማዩ ከጠራ ወዲያ ብሩሽ ያነሳል። ጣና ግን ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ከዳር 15 ሜትር ላይ ያለ በረንዳ ሥሩ ያለው አፈር በዚያን ጊዜ ገና ርሶ ነው። ላዩ ደርቆ ሲነካ ይሞቃል፣ መሃሉ ግን እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ቀዳዳው በውሃ ስለተሞላ ዘይቱን አይጠጣም፤ የቀባችሁት ላዩ ላይ ቀርቶ ያጣብቃል።

በግምት አትሂዱ፣ መዝኑት። ከአንድ ጣውላ ላይ፣ ከጫፉ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ 3 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ቁረጡ (ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያሳስታል)። በወጥ ቤት ሚዛን ወዲያው መዝኑት። ከዚያ 103 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም፣ አንድ ቀን ያህል ይቆይ። ለምሳሌ እርጥቡ 104 ግራም፣ ደረቁ 88 ግራም ቢሆን፣ ልዩነቱ 16 ግራም ለ88 ሲካፈል 18 በመቶ ነው። ይህ ገና ነው። 15 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ቀቡ። የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚነሳው የእንጨቱ እርጥበት ከ28 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ከ20 በታች ከዋለ አይነካውም። የሥራው ሁሉ ዓላማ እንጨቱን ከዚያ መስመር በታች ማቆየት ነው።

በዚህ ስሌት ለሐይቅ ዳር ጥሩው ወቅት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ አየሩ ይበልጥ ደረቅ ነው፤ ግን እስከዚያ የተፋቀው እንጨት ባዶውን ለወራት ፀሐይ ይመታዋል፣ ቀትር ላይም ጣውላው ግሎ ቅቡ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ይደርቃል። ጠዋት ጤዛው ከጠፋ በኋላ፣ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይቀባ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ፈትኑት። ውሃው እንደ ዶቃ ከቆመ ለክረምቱ ይበቃል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠጣው ሰኔ ሳይገባ አንድ እጅ ድገሙት።

የጣና ነፋስ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲያው ጣውላዎቹ ተነስተው ሥራቸውም ይቀባ ማለት ነው? ያኔ መጠኑ ስንት ይሆናል? ሰርጎ የሚገባ የተባለው በጣሳ ተዘጋጅቶ ካልተገኘስ?

ጣውላና ሚስማር

ሚስማሩ ተራ ከሆነ ለማንኛውም መነሳቱ አይቀርም። ያ ጥቁር ቀለበት የብረቱ ዝገት ከባሕር ዛፉ ታኒን (እንጨቱ ውስጥ በተፈጥሮ ካለ ንጥረ ነገር) ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ነው፤ የጽሕፈት ቀለም እንደመሥራት ያለ ነገር ነው። ሲመልሱት በማይዝግ ብሎን ይምቱት፣ ካልተገኘ ዚንክ በተነከረ። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ስለሆነ መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ይብሱት፣ አለበለዚያ ጫፉ ይሰነጠቃል። በጣውላና በጣውላ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ይተው። የጎደጎደውን ጣውላ ገልብጠው ቢመቱት ጉብ ያለው ፊት ወደ ላይ ስለሚሆን ውሃ አይቋጥርም።

መጠኑ፦ ላዩ 24 ካሬ ሜትር ነው። የጣውላው ዙሪያ ግን 12 ሲደመር 12 ሲደመር ሁለት ጊዜ 3 ስለሆነ ሁሉም ፊት ሲቀባ ወደ 60 ካሬ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሊትር በመጀመሪያው እጅ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ ስለዚህ 12 ሊትር። ሁለተኛ እጅ ለላዩና ለጫፎቹ ብቻ 3 ሊትር ይበቃል። 15 ሊትር ይያዙ። ላዩን ብቻ የሚቀባ ሰው በ8 ሊትር ይወጣል፤ ግን ጎድጓዳውን ጣውላ እንደገና ያየዋል።

ጫፎቹን አደራ። እንጨት ውሃ የሚጠጣው እንደ ሸምበቆ ርዝመቱን ተከትሎ ነው፤ በተቆረጠው ጫፍ የሚገባው በጎኑ ከሚገባው እጅግ ይበልጣል። ጣውላዎችዎ 4 ሜትር ከሆኑ 48 ያህል ናቸው፣ ጫፋቸው 96። እያንዳንዱን ጫፍ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ባፈሰሱት ቅብ ላይ ለ3 ደቂቃ ያቁሙት። ብሩሽ ያን ያህል አያስገባም።

የቀረውን ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ቫርኒሽ ባለበት ቦታ ሲለር አይገባም። በመፋቂያ፣ ከዚያ በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻ 80። ከዚያ በላይ አያልስልሱት፣ ቀዳዳው ይደፈናል። የሽቦ ብሩሽም አይጠቀሙ፤ የሚተወው የብረት ብናኝ ቆይቶ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

ሻማ ሰሪ

ጣሳው ካልተገኘ በቤት የሚዘጋጅ አለ። የአሜሪካ የደን ውጤቶች ምርምር ቤተ ሙከራ ለብዙ ዓመታት ሲያሰራጨው የኖረ ቀላል ድብልቅ ነው። ለ4 ሊትር፦ ለውጭ የሚሆን የዘይት ቫርኒሽ 750 ሚሊ ሊትር፣ ፓራፊን ሰም 30 ግራም፣ የቀረው ተርፔንታይን። ፓራፊኑ ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ሻማ ነው፤ ጧፍ አይሁን፣ እሱ የንብ ሰም ነው። ለ15 ሊትር 2.8 ሊትር ቫርኒሽና 110 ግራም ሻማ ይሆናል ማለት ነው።

አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ። ሻማውን ፈትሉን አውጥታችሁ በጣሳ፣ ጣሳውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡት። ከዚያ እሳቱ ካለበት ቤት ውጡ። ደጅ ላይ፣ ያልሞቀው ተርፔንታይን ውስጥ ሰሙን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ በኃይል አማስሉ፤ ቫርኒሹ መጨረሻ ይገባል። ተርፔንታይን ራሱ በፍጹም እሳት ላይ አይጣድም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይረጋል፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ አቁማችሁ እንደገና አማስሉት። ሰሙን ከልኩ በላይ መጨመር ወለሉን ያንሸራትታል፣ በኋላ ሌላ ቅብ እንዳይዝም ያደርጋል። በተርፔንታይን ፋንታ ነጭ ጋዝ የሚጨምሩ አሉ፤ ነጭ ጋዝ ቀስ ብሎ ስለሚተን እንጨቱን ለቀናት ቅባት ያደርገዋል።

«ይሄም ቫርኒሽ አለበት አይደል?» የሚል ካለ፣ አምስተኛው እጅ እንኳን አይሞላም፤ ቀጥኖ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ቆዳ አይሠራም። የሚገፋው ሰሙ ነው። ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ስለሆነ ብዙ አይጠጣም፤ ከተቀባ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ የቆመውን በጨርቅ ማንሳት አይረሳ።

ስለ ተልባ፦ ከገበያ የሚገኘው ለምግብ የተጨመቀ ተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፣ በዚያ መሃል አቧራ ይይዛል፣ ለሻጋታም ምግብ ይሆነዋል። በሐይቁ እርጥበት በአንድ ክረምት ይጠቁራል። ለእንጨት የሚሸጠው «የፈላ» የተባለው ማድረቂያ የተጨመረበት ነው፤ ቤት ውስጥ በማፍላት አይገኝም፣ ቃጠሎም ያስነሳል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ይነዳል። ውሃ ውስጥ ይነከር ወይም አንድ በአንድ ተዘርግቶ ደጅ ይድረቅ።

ደንገል

ከመቀባቱ በፊት ስላለው እጥበት ማንም አላነሳም። ሻጋታ ካለ 1 እጅ በረኪና በ3 እጅ ውሃ፣ ጥቂት የልብስ ሳሙና ጨምራችሁ ቀቡት፤ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይና በብዙ ውሃ ይታጠብ። ለሚስማሩ ጥቁር ቀለበት በረኪና ምንም አያደርግም፤ እሱን የሚያነሳው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፣ በአንድ ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ 100 ግራም። ጓንት ይደረግ፣ መርዝ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሥሩ፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የመኪና ማጠቢያ ሞተር በቅርብ ከተያዘ እንጨቱን ፀጉራም ስለሚያደርገው ተራ ጠንካራ ብሩሽ ይሻላል።

እጥበቱ ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ በበረንዳውና በውሃው መካከል ቦይ ተቆፍሮ አሸዋ ይሞላበት፤ ከተቻለ ጣውላዎቹ ከተነሱ ወዲያ ግቢው ጀርባ ይታጠቡ። በረኪና ለዓሣ በጥቂቱም ገዳይ ነው፣ ቀረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው ደግሞ እዚያው ዳር ደንገሉ ሥር ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ የበረንዳችን ቆሻሻ አይገባውም።

አንድ የቀረ አለ። ምስጥ ካለ ሲለር አያቆመውም፤ ሲለር ውሃ እንጂ ነፍሳት አይከላከልም። ሞራሌው ድንጋዩ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ቆርቆሮ ይደረግበትና ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ወደ ታች ይታጠፍ። ምስጡ የጭቃ መንገዱን በቆርቆሮው ዞሮ መሥራት ስለሚኖርበት በዓይን ይታያል። ከሥር የተከማቸ ቅጠልና ቁርጥራጭ እንጨት ይውጣ፣ ነፋስም በአራቱም ጎን ይግባ።

የጣና ነፋስ (ጠያቂ)

የገባኝን ልድገመው፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ፦ ጥቅምት ላይ ጣውላዎቹን ማንሳትና መፋቅ፣ ማጠብ፣ ጥላ ሥር መሃላቸው ክፍተት እየተደረገ መደርደር፣ ኅዳር ላይ ቁራጭ መመዘን፣ 15 ሲሆን ጫፎቹን መንከር፣ ሁሉንም ፊት መቀባት፣ ከዚያ በብሎን መመለስ።

ጣውላና ሚስማር

ልክ ነው። ከተበሳ በኋላ የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥም ጠብ ያድርጉበት፤ እሱም የተቆረጠ ጫፍ ነው። ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያው ሳይደርቅ በዚያው ቀን ይሁን፤ ከደረቀ ሰሙ የሚቀጥለውን አያስገባም። ከተመለሰ በኋላ 48 ሰዓት ዝናብም ጤዛም እንዳይነካው ማታ ማታ ሸራ ይጣልበት፣ ሸራው ግን ጣውላውን እንዳይነካ በገመድ ከፍ ይበል።