ጥቆማ፦ ዊንዶውስ 11 አልቀበል ላለው የቤት ላፕቶፕ፣ ጅማ ላይ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጅማዎች። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ አለን። ዊንዶውስ 11 አልቀበል አለ። ልጆቹ ይማሩበታል፣ እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝና ፈተና እጽፍበታለሁ። የት ፎርማት ላስደርግ? ምንስ ላስጭን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሱቁ ቆይተን እናውራ። ፈተናውን የምትጽፊው በፓወር ግዕዝ፣ በዚያ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው? ከሆነ ፎርማቱ ይቆይ።

የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) አይደሉም። ኮምፒውተሩ የሚያየው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ነው ግዕዝ አድርጎ የሚያሳይሽ። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ያ ሁሉ ፈተና የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይወጣል። እኔ ይህን ያወቅኩት ካስፎረማትኩ በኋላ ነው፤ ጥያቄ ቁጥር 1ን እንኳ ማንበብ አቃተኝ። ስለዚህ አሁኑኑ፣ ዊንዶውሱ እያለ፣ የሚያስፈልጉሽን ፋይሎች እየከፈትሽ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው። የፎንቶቹን ፋይሎችም ፍላሽ ላይ ያዢ። በኋላ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሥርዓት) ላይ ስትጭኛቸው የእኔ ሰነዶች ብዙዎቹ ተነበዋል፣ ሰንጠረዦቹ ግን ትንሽ ተንሸራተዋል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 (ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የደህንነት ቺፕ) እና ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ነው። ያንቺ አራተኛ ስለሆነ ራም ብትጨምሪም አይቀበልም። እየዘለሉ የሚጭኑበት መንገድ አለ፣ ግን ማይክሮሶፍት ዝማኔ እንደሚያደርስሽ ዋስትና አይሰጥም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

እኔ የምጠቁምሽ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ በነፃ ይወርዳል። ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ 4 ካለሽ ደግሞ ይመቸዋል። ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉት። ላንቺ ኤክስኤፍሲኢውን ውሰጂ፣ ቀለል ይላል። 22ኛው ሚንት ድጋፉ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ነው። ዞሪን የሚባለው ሌላው ሊኑክስም ጥሩ ነው፣ መልኩ ዊንዶውስን ስለሚመስል ልጆች ቶሎ ይለምዱታል፤ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ከብዶ ነበር።

አማርኛውስ? ከሚንት የፕሮግራም መጫኛ (ሶፍትዌር ማኔጀር) አይባስ እና ኤም 17 ኤን የሚባሉትን የኪቦርድ መጻፊያዎች ጫኚ፤ እንደ ስልኩ በላቲን ድምፅ እየመታሽ ትጽፊያለሽ። ሰነድሽ ከዚያ በኋላ ዩኒኮድ ስለሆነ የትም ይከፈታል። ቁቤ ለሚጽፍማ ምንም መጫን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሱቆቹ። መርካቶና ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያሉት ጥገና ቤቶች እጃቸው ፈጣን ነው። ሃርድ ዲስክሽን አስወጥተሽ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የፋይል ማስቀመጫ) ማስገባት ከፈለግሽ እነሱ ጋ ሂጂ፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም። ብዙዎቹ ግን ሊኑክስ ስትያቸው “እሱ ለምን ያስፈልግሻል?” ብለው ያንኑ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ 10 ይጭኑልሻል። አንዱ ቤት ለእኔ “ዲ ድራይቭ አይነካም” አለኝ። ተነካ። የልጄ የልደት ፎቶዎች እዚያ ነበሩ። ስለዚህ የትም ብትሄጂ መጀመሪያ ፋይልሽን ሌላ ቦታ ገልብጪ፣ “አይነካም” ቢሉሽ እንዳታምኚ።

ለመጫኑ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ በሆነው ኪቶ ፉርዲሳ የሚማር ዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ካለሽ እሱን ለምኚው። ኮምፒውተር የሚማሩት ልጆች ከሱቆቹ ይልቅ ሊኑክስን ያውቁታል። ቡና አፍልተሽ ብትጠሪው ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ራስሽም ትችያለሽ። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል አውርጂው። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ባዶ ፍላሽ ላይ ጻፊው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ይጠፋል። ከዚያ ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሺው። ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ይሠራል። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ ፕሪንተሩን ሁሉ ሞክሪ። ካልወደድሽው ፍላሹን ነቅለሽ ዳግም ማስነሳት ነው፣ ዊንዶውስሽን እንደነበረ ታገኚዋለሽ። ስትጭኚ ግን ባትሪው መያዙን አረጋግጪ። የጅማን መብራት ታውቂዋለሽ።

ሌላ መልስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ በፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም) የሚሠራ ሰው ካለ ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ እንዳታጠፉት። ሊኑክስ ላይ አይሄድም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስጭኑ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፒችትሪ የለንም። ፈተናዎቹን ሁሉ ፒዲኤፍ አደረግኩ። ከፍላሽ አስነሳሁት፣ ልጆቹ ወደዱት። ዋይፋይ ግን ጭራሽ አይታይም።

መልስ፦ አይዞሽ፣ ብሮድኮም የሚባለው የዋይፋይ ካርድ ይሆናል። ስልክሽን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚና ከስልኩ ሴቲንግ የዩኤስቢ ማጋሪያውን (USB tethering) ክፈቺ። ኢንተርኔት ሲገባ ሚንት ውስጥ ያለውን ድራይቨር ማኔጀር ክፈቺ፣ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር ራሱ ፈልጎ ያቀርብልሻል። ጥቅልሽ ብዙ አይበላም።