«ቅራሪ» የሚለው ቃል ለዶክተር ሁ ይገባዋልን?

ጣናነሽ፦
ባለፈው ቅዳሜ ከጣና ዳር ዋርካው ሥር ተሰባስበን ሳለ «ከ2018 ወዲህ የሚታየው ዶክተር ሁ ቅራሪ ነው፤ ጠላው ድሮ አልቋል» የተባለው ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። በዚያ ምሽት ዝም ያልኩት ዝናቡ ስለበተነን እንጂ ተስማምቼ አይደለም። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ እንግባባለን።) ይህ ዶክተሩ የተባለ የጊዜ ተጓዥ የሚታይበት የብሪታንያ የቴሌቪዥን ድራማ ከኅዳር 1963 ጀምሮ፣ ከ1989 እስከ 2005 ድረስ በመካከል ቢቋረጥም፣ እዚህ የደረሰው መለወጥን ተፈጥሮው ስላደረገ ነው። በ1966 ዶክተሩን መጀመሪያ የተጫወተው የዊልያም ሃርትኔል ጤና ሲታወክ አዘጋጆቹ ዶክተሩን ከመግደል ይልቅ መልኩን ለውጠው ፓትሪክ ትራውተንን ባያመጡ ኖሮ፣ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ባልኖረ ነበር። ታዲያ በ2018 ጆዲ ዊተከር ሚናውን ስትይዝ ጠላው የሚያልቀው በምን ምክንያት ነው? ይህን የተናገረው ሰው በጽሑፍ እንዲያስረዳን እጠይቃለሁ።

የግሽ ዓባዩ፦
የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ነገር ግን እህቴ ጣናነሽ፣ ያላልኩትን አትጨምሪብኝ። ስለ ዊተከር ሴትነት አንድም ቃል አልወጣኝም፤ እንዲያውም የተሰጣትን ያህል ተጫውታለች ብዬ አምናለሁ። ቅራሪ ያልኩት የተሰጣትን ጽሑፍ ነው። በመጋቢት 2020 በታየው የሲዝኑ መዝጊያ ላይ የድራማው ዋና ጸሐፊ ክሪስ ቺብናል ዶክተሩን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ሕዝቡ የሆኑት የጊዜ ጌቶች መልክን ለውጦ ዳግም የመወለድን ኃይል ከእርሱ የቀዱበት ሕፃን አደረገው። ከሕዝቡ ተጣልቶ፣ ታርዲስ የተባለች አሮጌ የጊዜ መንኮራኩር ሰርቆ የሸሸው ያ መንገደኛ በአንድ ምሽት የዘሩ ሁሉ ምንጭ ሆነ። እኔ በልጅነቴ የወደድኩት ተራ ሆኖ ሳለ ደግ መሆንን የመረጠውን ሰው ነበር። ከመወለዱ ጀምሮ የተመረጠ ከሆነ ምርጫው ምን ዋጋ አለው?

የዘጌ ልጅ፦
ወንድሜ የግሽ ዓባዩ፣ ቅዱስ አድርገህ የያዝከው ታሪክ ራሱ እየተጨመረ የመጣ ነው። «የጊዜ ጌቶች» የሚለው ስም የተሰማው ድራማው በተጀመረ በ6ኛው ዓመት፣ በ1969 ነው። አንድ የጊዜ ጌታ ከ12 ጊዜ በላይ ዳግም ሊወለድ አይችልም የሚለው ሕግም የመጣው በ1976 ነበር፤ በዚያ ጊዜ የአድናቂዎች ማኅበሩ ሊቀ መንበር «የዶክተር ሁ አስማት ምን ነካው?» እያለ ምሬቱን ጽፎ ነበር። ዛሬ ያ ታሪክ ከምርጦቹ አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። በዚያው ዓመት በጥር ወር በታየ ሌላ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ከሃርትኔል በፊት የነበሩ የዶክተሩ ፊቶች የሚመስሉ ምስሎች ታይተዋል። እኛ በዘጌ የደንገል ታንኳ ስንሠራ ያደግን ሰዎች ይህ አይገርመንም፤ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲበሰብስ በአዲስ ይተካል፣ ታንኳነቱ ግን አይቀርም።

የግሽ ዓባዩ፦
ደንገሉ ይለወጥ፤ እኔ አልተቃወምኩም። ታንኳ የሚሰምጠው ደንገሉ አዲስ ስለሆነ ሳይሆን አስተሳሰሩ ስለላላ ነው። ይህንን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

አንጋፋው መምህር፦
ልጆቼ፣ «ቅራሪ» በሚለው ቃል ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ሁላችሁም እንደ ስድብ ይዛችሁታልና። ቅራሪ ጠላው ከተቀዳ በኋላ በቀረው ድፍድፍ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚጠለል ነው። ብቅሉም ጌሾውም ያው የመጀመሪያው ነው፤ ያነሰው ጉልበቱ ነው። ስለዚህ የግሽ ዓባዩ ቃሉን በትክክል ከተጠቀመበት ጥያቄው ዶክተሩ የማን ልጅ ነው የሚለው አይደለም፤ ማን ውኃ ጨመረበት፣ መቼስ ጨመረ የሚለው ነው። እኔ መልሱን የማገኘው በክፍሎቹ ብዛት ውስጥ ነው። በ1963 የተጀመረው የመጀመሪያው ሲዝን 25 ደቂቃ ገደማ የሚወስዱ 42 ክፍሎች ነበሩት። በ2005 ሲመለስ 13 ረዘም ያሉ ክፍሎች ሆኑ፤ በ2018 ወደ 10 ወረዱ፤ በ2024 እና በ2025 ደግሞ 8 ብቻ ቀሩ። በ8 ክፍል ውስጥ አዲስ ዶክተር፣ አዲስ ጓደኛ፣ አዲስ ጠላትና የዓመቱ ምሥጢር ሲታጨቁ አንዱም ሳይብላላ ይቀዳል። ጥንስስ ቀኑን ካልጠበቀ የጠማቂዋ ሙያ ብቻውን አያድነውም።

ጣናነሽ፦
መምህር፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። የክፍሉ ማነስ ጉዳት እንዳለው አምናለሁ፤ ነገር ግን «ጉልበቱ አንሷል» የሚለውን አልቀበልም። በ2024 ከታዩት 8 ክፍሎች መካከል የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ሩቢ በዌልስ ባሕር ዳርቻ ላይ ሳለች አንዲት አሮጊት ከ73 ያርድ ርቀት ላይ ሆና ዕድሜዋን ሙሉ የምትከተላት ታሪክ አለ፤ ያንን አይቼ ሌሊቱን መተኛት አልቻልኩም። ነጮች ብቻ የሚኖሩባት ከተማ ወጣቶች ዶክተሩ ሊያድናቸው ሲለምናቸው በቆዳው ቀለም ምክንያት እጁን የገፉበት ታሪክም የዚያው ሲዝን ነው። ዶክተሩን የተጫወተው ንኩቲ ጋትዋ መጀመሪያ ስቆ ቀጥሎ የጮኸውን ጩኸት የሰማ ሰው «ቅራሪ» ሊል አይችልም። የ2025ቱ የሌጎስ ጸጉር ቤት ታሪክስ? የጻፈው ናይጄሪያ የተወለደው ባለቅኔ ኢኑዋ ኤላምስ ነው። ወንዶቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እየተቆረጡ ተረት ሲናገሩ፣ ተረታቸው የአንድ ግዙፍ ፍጡር ሞተር ምግብ ይሆናል። በሰፈራችን ጸጉር ቤት አባቶች ተራ እየጠበቁ የሚያወሩትን እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በ60 ዓመት ውስጥ ይህ ድራማ ወደ እኔ ቤት የቀረበው ያን ጊዜ ነው። እናንተ አለቀ በምትሉበት ሰዓት ለእኔ ገና መቀዳቱ ነበር።

ከፖሊ ግቢ፦
ስሜትን ትተን ቁጥር እንመልከት። የዊተከር የመጀመሪያ ክፍል በ2018 ሲተላለፍ በዚያው ምሽት ብቻ 8.2 ሚሊዮን የብሪታንያ ተመልካች ነበረው። የጋትዋ የመጀመሪያ ሲዝን በግንቦት 2024 ሲከፈት የምሽቱ ቁጥር 2.6 ሚሊዮን ሆነ። ጥራቱ ካልወረደ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለምን ሄደ?

የዘጌ ልጅ፦
ቁጥሩን ስትጠቅስ ሁኔታውን አብረህ ጥቀስ። የ2024ቱ ክፍል በቴሌቪዥን ከመተላለፉ በፊት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በቢቢሲ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ተለቅቆ ነበር፤ ማታ ቴሌቪዥን የከፈተው ያላየው ሰው ብቻ ነው። በ1979 አንድ ክፍል 16 ሚሊዮን ተመልካች ያገኘውም ተፎካካሪው አይቲቪ በሥራ ማቆም አድማ ተዘግቶ ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ነው። ያን ጊዜ ጥራቱ እጥፍ ሆኖ ነበር ልንል ነው? ደግሞም እኛ በማን ቁጥር ውስጥ ተቆጠርን? እዚህ ባሕር ዳር በፍላሽ አስጭኖ የሚያይ ሰው በለንደን መዝገብ ላይ የለም።

ከፖሊ ግቢ፦
ፍላሽን ካነሣህ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። ከናንተ መካከል ብዙዎቹ የ2024ቱን ሲዝን ያዩት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ በዞረ ቅጂ፣ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ነው። መዝጊያውን ከመክፈቻው በፊት ያየ ሰው ስለ ታሪክ አወቃቀር ሊፈርድ አይገባውም።

ጣናነሽ፦
እኔ በቅደም ተከተሉ ነው ያየሁት። መብራት በጠፋ ቁጥር አቁሜ፣ ሲመጣ ካቆምኩበት እየጀመርኩ አንድ ክፍል ሳልዘል ጨርሻለሁ። በእኛ ችግር ላይ ተመሥርተህ ሐሳባችንን ዋጋ አታሳጣው።

የግሽ ዓባዩ፦
በዚህ ከጣናነሽ ጋር ነኝ፤ ያየነውን አይተናል። ወደ ነጥቤ ልመለስ። ጣናነሽ የጠቀሰቻቸው ሦስቱ ታሪኮች ግሩም ናቸው፤ አልክድም። የ73 ያርዷ አሮጊት ምን ብላ ሰዉን እንደምታስበረግግ እስከ መጨረሻው አልተነገረንም፤ ማንም ግን እንነግራችኋለን ብሎ ቃል አልገባልንምና ቅር አላለኝም። የሩቢ እናት ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ሩቢ በ2004 የገና ዋዜማ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጥላ ስለተገኘችበት ሌሊት ባሰበች ቁጥር ከሰማይ በረዶ ይወርድ ነበር። ሱቴክን የሚያህል የሞት አምላክ እንኳ የእናትየዋን ማንነት ማየት ተስኖት ነበር። ይህንን ሁሉ ለሳምንታት ካስጠበቁን በኋላ እናትየዋ የ15 ዓመት ተራ ልጅ ነበረች፤ አስፈላጊ የሆነችው እኛ አስፈላጊ ናት ብለን ስላመንን ነው አሉን። በረዶውስ? ጎረቤቱን ለድግስ ጠርቶ ባዶ ሌማት የሚያቀርብ ሰው «ዋናው መሰብሰባችሁ ነው» ቢል ማን ይቀበለዋል? በ1975 ያስፈራን ያ ሱቴክም በገመድ ተጎትቶ አለቀ። በ2025 ደግሞ የዶክተሩን የድሮ ጠላት ራኒን ስንት ዓመት ጠብቀን አገኘናት፤ ሌላው የድሮ ጠላት ኦሜጋ ወዲያው ዋጣት። የዶክተሩን የልጅ ልጅ ሱዛንን በራእይ አሳዩንና ዳግመኛ ሳያነሷት ዘጉት። ላላ ያልኩት አስተሳሰር ይህ ነው።

ጣናነሽ፦
ስለ ሩቢ እናት በፍጹም አንስማማም። አንተ ከላይ ዶክተሩ የተመረጠ ሆነ፣ ተራነቱ ተወሰደ ብለህ አዝነህ ነበር። ሩቢ ደግሞ ከአማልክት ሳይሆን ከአንዲት ከፈራች ተራ ልጅ ስትወለድ ትበሳጫለህ። አንዱን ምረጥ። በየከተማው ደጃፍ ላይ የተተዉ ሕፃናት እናቶች ሁሉ ተራ ልጆች ናቸው፤ ታሪኩ እነርሱን አከበረ። በ2025ቷ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ በቤሊንዳ ላይ የተደረገውን ግን እኔም ይቅር አልልም፤ ይህን ስጽፍ ላንተ መሸነፌ እንዳይመስልህ። ቤሊንዳ ነርስ ናት፤ ዶክተሩ ሳያስፈቅዳት ዘረ መሏን ሲመረምር በፊቱ ቆማ የገሠጸችው ሴት ናት። ሲዝኑን ሙሉ ወደ ሥራዋና ወደ ወላጆቿ ለመመለስ ስትታገል ከርማ፣ በመዝጊያው ላይ ዓለሙ ተለውጦ ከመጀመሪያው ጀምሮ የናፈቀችው ሕፃን ልጇን ነበር ተባለ። ያችን ገሥጻ የምትናገር ሴት ከእኔ ወሰዷት።

የግሽ ዓባዩ፦
ታዲያ ያ ቅራሪ ካልሆነ ምን ይባላል?

ጣናነሽ፦
በደል ይባላል። ጥሩ የተጠመቀ ጠላ ላይ በመጨረሻው ሰዓት የተፈጸመ በደል ነው፤ በቀጠነ መጠጥና በተደፋ መጠጥ መካከል ልዩነት አለ።

አንጋፋው መምህር፦
አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ1986 ቢቢሲ ባዘጋጀው የተመልካቾች ፕሮግራም ላይ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ቀርቦ፣ የዚያን ዓመት ዶክተር ሁ ደራሲዎች ፊት ለፊት ሥራቸው የተለመደና የደከመ እንደሆነ ነግሯቸው ነበር። ያ ልጅ ክሪስ ቺብናል ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ድራማውን ተረክቦ፣ የግሽ ዓባዩ ዛሬ የሚወቅሰውን ጽሑፍ የጻፈው እርሱ ነው። ልጁ በ1986 አልተሳሳተም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጉድለትን ማየት መቻሉ ግን ለመሙላት አልበቃውም።

ከፖሊ ግቢ፦
መምህር፣ ታዲያ የሚሻለው ማሳረፍ አይደለምን? ድራማውን ከቢቢሲ ጋር ያሠራ የነበረው ዲዝኒ እንደማይቀጥል በጥቅምት 2025 ተነግሯል፤ ያኔ ይቀራል የተባለው ዋና ጸሐፊው ራስል ቲ ዴቪስ የሚጽፈው የ2026 የገና ልዩ ዝግጅት ብቻ ነበር። ከ1989 በኋላ በ1996 ከታየው አንድ ፊልም በስተቀር 16 ዓመት አርፎ ነበር፤ የተመለሰው ታድሶ ነው። ድፍድፉን አውጥተን አዲስ እንጥመቅ።

ጣናነሽ፦
በእነዚያ 16 ዓመታት ሳያዩት ያደጉ ልጆች አሉ፤ አንተም አንዱ ነህ። እኔ ለታናሽ እህቴ «ቆይ፣ ስታድጊ ይመለስ ይሆናል» ልላት አልችልም። የሌጎሱን ጸጉር ቤት ያሳየኋት ቀን «እነዚህ እኮ እንደኛ ናቸው» ብላለች።

የዘጌ ልጅ፦
ጋትዋ ወደ ተዋናይቷ ቢሊ ፓይፐር መልክ ከተለወጠ ወዲህ እርሷ ዶክተሯ መሆኗና አለመሆኗ እንኳ አልተገለጸልንም። በመዝጊያው ጽሑፍ ላይ ስሟ ሰፍሯል፤ በየትኛው ሚና እንደሆነ ግን አልተጻፈም። እንዲህ አንጠልጥሎ ማሳረፍ ዕረፍት አይባልም።

የግሽ ዓባዩ፦
ይኸውና የዘጌ ልጅም የተንጠለጠለ ነገር አገኘ። ቃሌን አላነሣም። ታናሽ እህትሽ ያን ክፍል በመውደዷ ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ከ2005ቱ ሲዝን ጀምሮ ያለኝን ሁሉ በፍላሽ አድርጌ ቅዳሜ አመጣላታለሁ። ሁለቱን አይታ ራሷ ትፍረድ።

ጣናነሽ፦
አምጣላት፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አስቀድመህ የትኛው ጠላ የትኛው ቅራሪ እንደሆነ እንዳትነግራት።