የአካርናይ ገበሬዎች ድምፅ ነበራቸው?

የደሴው መምህር፦
ደሴ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ጥንታዊት አቴንስ ስንማር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያነሳችው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛልና የምታውቁ እርዱኝ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ከስፓርታ ጋር ጦርነት ሲጀመር፣ ገበሬው ቀዬውን ለቆ ወደ ከተማው ግንብ እንዲገባ የመከረው የአቴንስ መሪ ፔሪክልስ ነው። ስፓርታዎች በእግረኛ ጦር አይቻሉም፤ አቴንስ በባሕር አትቻልም። ከተማዋን ከፒሬየስ ወደብ ጋር የሚያገናኙት ረጃጅም ግንቦች እስከቆሙ ድረስ እህል በመርከብ ይገባል፤ ስለዚህ ማሳው ቢቃጠል ይቃጠል። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ እንደሚለው ገበሬዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን፣ ዕቃቸውን፣ የቤታቸውን እንጨት ሳይቀር ነቅለው ገቡ፤ በግና ከብቱን ወደ ኢዩቢያ ደሴት ላኩ። የሚጠጋበት ዘመድ ያለው ጥቂቱ ነበር። የቀረው በባዶ ቦታ፣ በቤተ መቅደስና በግንቡ ማማ ውስጥ ሰፈረ።

ይህን ለተማሪዎቼ ማብራራት አላስፈለገኝም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች እዚሁ ደሴ በየትምህርት ቤቱ ተጠልለው ነበር፤ ያኔ ታናናሾቻቸውን አዝለው የመጡ ልጆች ዛሬ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ልጅቷም «መምህር፣ የሚወስነው ሕዝቡ ነው ካሉን፣ ገበሬው የራሱ ማሳ እንዲቃጠል እጁን አውጥቷል ማለት ነው?» አለችኝ።

እኔን የከነከነኝ ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጠላት ከአቴንስ በስተሰሜን ባለችው ትልቅ የገበሬ መንደር፣ አካርናይ ላይ ሰፍሮ ማሳውን ሲያወድም፣ ወጥተን እንግጠም የሚለው ጩኸት ከተማውን ሞላው። ፔሪክልስ ግን ሕዝቡ በቁጣ ወስኖ እንዳይሳሳት ብሎ ጉባኤ ሳይጠራ ቀረ። ሕዝብ የሚሰማው ሲረጋጋ ብቻ ከሆነ ምን ብዬ ላስተምር?

ከኮምቦልቻ፦
መምህር፣ ድምፅስ ነበራቸው። ለአካለ መጠን የደረሰ ዜጋ ወንድ ሁሉ ጉባኤው ወደሚሰበሰብበት ፒኒክስ ኮረብታ ወጥቶ መናገርም እጁን ማውጣትም ይችል ነበር። አጀንዳ የሚያዘጋጀው የ500 ሰዎች ምክር ቤት እንኳ በዕጣ ከየመንደሩ የሚወጣ ነው። ችግሩ መንገዱ ነው። ከአካርናይ እስከ ከተማው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በአጨዳ ሰሞን ማን ይሄዳል? ጉባኤ ለሚገኝ ሰው አበል መከፈል የጀመረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። አንዷን የጦር መርከብ የሚያንቀሳቅሱት 170 ቀዛፊዎች ግን አብዛኞቹ ከከተማውና ከወደቡ ድሆች የሚመለመሉ ናቸው፤ ለቀዘፋቸውም ይከፈላቸዋል። የባሕር ጦርነት ለእነርሱ ደመወዝ፣ ለአካርናዩ ገበሬ ኪሳራ ነበር።

ግንቡ ውስጥ ሲገቡ ግን ኮረብታው ደጃፋቸው ሆነ። በ430 ማሳው ዳግመኛ ሲወድምና ወረርሽኝ ሲጨመርበት፣ ሕዝቡ ለሰላም መልእክተኛ ወደ ስፓርታ ላከ፤ ፔሪክልስንም ከሹመቱ አውርዶ በገንዘብ ቀጣው። ቆይቶ መልሶ መረጠው፤ በ429 በዚያው ወረርሽኝ ሞተ። እኔ በዚህ ውስጥ የገበሬዎቹ እጅ ይታየኛል። ለልጅቷ ይንገሯት።

የሐይቁ ገበሬ፦
ስፓርታዎች የመጡት እህሉ ሲደርስ ነው። ያን ያቀደ ሰው እርሻ ያውቃል፤ የደረሰ ገብስ በአንድ ቀን እሳት ያልቃል። ወይራው ግን እንዲያ አይደለም። የእኛ ወይራ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ የታወቀ ነው፤ የእነርሱም የቅርብ ዘመዱ ነው። ረጅሙ ወረራ 40 ቀን ያህል ነበር፤ በዚያ ጊዜ የአንድ አገር ወይራ በመጥረቢያ አያልቅም። የባሰው በ413 በአቴንስ ገጠር ባለችው ዴኬሊያ ላይ ምሽግ ሠርተው ዓመቱን ሙሉ ሲቀመጡ ነው።

ፔሪክልስም ባለርስት ነበር። ጠላት የእኔን መሬት ለይቶ ከማረልኝ ለከተማው ይሁን ብሎ ነበር፤ ይህን አከብርለታለሁ። ነገር ግን ሌላ መተዳደሪያ ያለው ሰው መሬቱን መስጠቱና ከዚያች ማሳ በቀር ምንም የሌለው ሰው ሲያጣት አንድ አይደለም።

እናት ከወልዲያ፦
«ገበሬው እጁን አወጣ ወይ» ተባለ፤ ገበሬዋስ? ሴት፣ ባሪያ፣ ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚኖር ሰው ኮረብታው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት የሞቱት ወታደሮች በብርዱ ወራት ሲቀበሩ፣ ፔሪክልስ ባሎቻቸውን ላጡት ሴቶች የተናገረው፣ በበጎም በክፉም በወንዶች አንደበት ስሟ የማይነሳ ሴት ክብሯ ታላቅ ነው የሚል ነበር። ማጽናኛው ይህ ነው?

እኔ በ2013ቱ ክረምት ልጆቼን ይዤ ደሴ ነበርሁ። ውኃ ወረፋ የምንቆም፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ስናስታምም የምናድር እኛ ነበርን። በተጠለልንበት ግቢ እንደ አገራችን ቅሬ (እድር) ተሰባስበን የምንመካከር ስለነበር፣ ማን የት እንደሚተኛ የሚወስነው ያለ እኛ አልነበረም። አቴንስ ውስጥ በበጋው ሙቀት በታፈነ ጎጆ ሰው እርስ በርሱ ላይ ሲረግፍ፣ ያስታመሙት ሴቶች ምን እንዳሉ የጻፈልን የለም። መምህር፣ ይህንንም ያስተምሩልኝ።

የደሴው መምህር፦
አስተምራለሁ እህቴ። የኮምቦልቻው ወንድሜ ያነሳውም ትልቅ ነገር ነው፤ ፔሪክልስን አከብረዋለሁ፣ ጉባኤውን ባለመጥራቱ ግን አልስማማም። በ427 ጉባኤው ተቆጥቶ በአቴንስ ላይ ያመፀችው የሚቲሌኔ ከተማ ወንዶች ሁሉ ይገደሉ ብሎ ወሰነ፤ በማግስቱ እንደገና ተሰብስቦ ውሳኔውን ሻረ። የመጀመሪያዋ መርከብ የሞቱን ትእዛዝ ይዛ ሄዳ ስለነበር፣ የሁለተኛዋ ቀዛፊዎች በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት እየበሉ፣ በተራ እየተኙ ቀዝፈው ግድያው ሳይጀመር ደረሱ። ዋና ዋናዎቹ አመፀኞች ግን ተገድለዋል፤ ይህን ሳልሸሽግ እነግራቸዋለሁ። የአካርናይን ጉዳይና ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ አገናኝቶ ያስተማረ ካለ፣ ከየትኛው እንደጀመረ ይንገረኝ።