የግሉታታዮንና የፍራፕ ውጤት ከስፖርተኞቹ ሁኔታ ጋር አልገጥም አለ

የሯጮችን የልምምድና የስሜት ጫና በደም አንቲኦክሲዳንት ለመከታተል ሞክረን ሁለት ቦታ ላይ ተይዘናል።

ዋናው ችግር ግሉታታዮን፣ የሴሎች ዋና አንቲኦክሲዳንት፣ ነው። የኦክሲዳይዝዱ (ኤሌክትሮን ያጣው ቅርጹ) ድርሻ ዕረፍት ላይ ባለ ሯጭ እንኳ 8 በመቶ ይወጣል፤ በጤናማ ሰው ደም ከ1 በመቶ ብዙ ማለፍ አልነበረበትም። ደሙ የሚቀዳው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ባለው ቱቦ ነው፤ ኤን-ኤቲልማሌይማይድ (ግሉታታዮንን አስሮ ኦክሲዳይዝድ እንዳይሆን የሚጠብቅ ኬሚካል) የሚጨመረው ግን ላቦራቶሪ ሲደርስ፣ ያውም ፕሮቲኑ በአሲድ ከዘቀጠ በኋላ ነው። ጥርጣሬያችን እዚሁ ላይ ነው፤ ያልታሰረው ግሉታታዮን አሲድ ሲገባበት ኦክሲዳይዝድ ይሆናል። ኬሚካሉ ቱቦው ውስጥ ቀድሞ ይቀመጥ ብንል ደግሞ ሳይታሰር የቀረው ትርፉ ግሉታታዮን ሪዳክቴዝን፣ ምርመራው የሚመካበትን ኢንዛይም፣ ስለሚያግድ የኢንዛይም ምርመራው ይበላሻል። ትርፉን በዳይክሎሮሜቴን (ከውሃ ጋር በማይቀላቀል ሟሟ) ማጠብ በቂ ነው? ስንት ጊዜ ታጥባላችሁ?

ሌላው ፍራፕ፣ የፕላዝማን (የደም ፈሳሽ ክፍልን) አጠቃላይ የአንቲኦክሲዳንት አቅም የሚለካው ምርመራ፣ ነው፤ ከከባድ ልምምድ በኋላ ይወርዳል ስንል ጭራሽ ይጨምራል። ከጀርባው ዩሪክ አሲድ ሳይኖር አይቀርም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የፕላዝማ ንባብ የሚይዘው እሱ ነው። ዩሪክ አሲዱን ለብቻ ለክተን ሁለት እጥፉን ከፍራፕ ብንቀንስ፣ የፕላዝማውን መጠን ለውጥ ደግሞ በሄሞግሎቢንና በሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ብናርም፣ የሚተርፈው ቁጥር ከስሜት መጠይቁ ጋር ለማነጻጸር ያስተማምናል? ናሙናው ጠዋት በባዶ ሆድ የሚወሰድ ነው፤ የቫይታሚን ሲ እንክብል የሚወስዱትን ግን አልለየንም። የሠራችሁበት ካላችሁ የቅደም ተከተሉን ዝርዝር ብትጽፉልን።