ለሙያ ማኅበር የክልል ሰብሳቢነት መወዳደር

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሥራ ቦታ ደህንነት ባለሙያዎች ማኅበር አባል ነኝ፤ በቅርንጫፋችንም የሥልጠና ክፍሉን አስተባብራለሁ። አሁን ለክልል ሰብሳቢነት ለመወዳደር አስቤአለሁ። መራጮች ይበልጥ የሚመዝኑት የሙያ ብቃትን ነው ወይስ የአመራር ልምድን?

መልስ፦
የሙያ ብቃት ለዕጩነት ያበቃዎታል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። የክልል ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው አደጋ በመመርመር ሳይሆን ቅርንጫፎችን በማቀናጀት፣ በጀት በመከታተልና የአባላትን ጥያቄ ለቦርዱ በማድረስ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን፣ በተለይም ስለ አገልግሎት ዘመንና ስለ ጥቅም ግጭት የሚደነግጉትን አንቀጾች በጥንቃቄ ያንብቡ። አሠሪዎ ለስብሰባና ለጉዞ ጊዜ እንደሚፈቅድልዎትም በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ብዙ ጥሩ ዕጩዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ምርጫውን የሚወስነው ዕቅድዎ ይመስለኛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ደህንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል፤ ነገር ግን ከፍታ ላይ የሚሠራ ሠራተኛ የደህንነት ቀበቶ ታጥቆ ገመዱን የሚያስርበት አስተማማኝ ቦታ ካጣ፣ መብቱ ከወረቀት አላለፈም። ራሱን የቻለ የደህንነት ባለሙያ መቅጠር የማይችሉ አነስተኛ ድርጅቶችን አባላቱ እንዴት እንደሚያግዙ የሚያሳይ ዕቅድ ቢያቀርቡ፣ እኔ በበኩሌ ድምፄን እሰጥዎታለሁ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደንቡን አንብቤ፣ ዕቅዱን ከማቅረቤ በፊት ከየቅርንጫፉ ኃላፊዎች ጋር እወያይበታለሁ።